ለወጌሻው የተደገሰ ድግስ

ሾላ በር በምትባል ከተማ፣ ስኳር ላለበት ሰው ማር ይዘው ሲሄዱ ወይም ገና ከታረቁ ባልና ሚስት ፊት የድሮውን ጠብ እያነሡ ሲስቁ፣ ከጥግ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ሰው አምስት ቃል ይናገራል። ሰው ይስቃል፤ ማሩም ተመልሶ ይወሰዳል። የሳቀው ሁሉ ግን ታሪኩን ያውቃል ማለት አይደለም።

እኔ የሰማሁት ከባለቤቴ አክስት ነው። የነገሩኝ አንድ ሰኞ ጠዋት ቤታችን መጥተው፣ የሰዉ ብዛት ቀለል ካለ በኋላ ነው። ለምን መጥተው እንደ ነበር እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

ደባልቄ የሾላ በር ወጌሻ ነበር። ሙያውን ከአባቱ ወርሶታል። ከበቅሎ የወደቀ፣ በሬ የወጋው፣ በሠርግ ቤት ሲጨፍር ትከሻው የወለቀ ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል። ዐይኑን ጨፍኖ በሁለት አውራ ጣቱ የተሰበረውን ይዳስሳል። ከዚያ በሽተኛውን ስለ ላሙ ይጠይቀዋል፤ «ስንት ወር ሆናት? ነጭ ናት ቀይ?» ሰውየው «ቀይ» ከማለቱ አጥንቱ ቀጭ ብሎ ቦታው ይገባል። በሾላ በር ላም የሌለው ሰው እንኳ ደባልቄ ሲጠይቀው ላም ነበረው።

ግን ይጠጣል። መጀመሪያ ማታ ማታ፣ ቀጥሎ ከምሳ በፊት፣ በመጨረሻ ፊቱን ሳይታጠብ። እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንድ መለኪያ አረቄ ሲደርሰው ይረጋል። ስለዚህ ለሥራው ሲል የሚጠጣ መሰለው፤ ሌላውም ሰው እንደዚያ መሰለው። አምሳሉ የሚባል ገበሬ የእግሩ አገዳ ተሰብሮ መጣና ደባልቄ በዚያ እጅ ገጠመለት። አጥንቱ ጠምሞ ያዘ። አምሳሉ ከዚያ ወዲህ እያነከሰ ያርሳል፤ ደባልቄም በየገበያው ቀን ያንን እርምጃ ያያል። ባየ ቁጥርም እንዳያይ ይጠጣል።

ሾላ በር በዚያን ጊዜ ምን አደረገችለት? ቀልድ አወጣችለት። «ወጌሻው ማታ ቦይ ውስጥ ወደቀ አሉ፤ ማን ያሸዋል? ራሱ!» ይሉና ሆዳቸውን እስኪያማቸው ይስቃሉ።

ሚስቱ ማንጠግቦሽ አልሳቀችም፤ ደረት እየመታችም አላለቀሰችም። ስንቅ ቋጥራ፣ እጁን ይዛ፣ ቆላ ወርዳ ጠበል አስገባችው። ሁለት ወር አብራው ተቀመጠች። እዚያ አባ ኪሮስ የሚባሉ መነኩሴ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው የአረቄ ባሪያ ሆነው የአባታቸውን በሬ ሸጠው የጠጡ ሰው። ይህን እሳቸው ራሳቸው ይናገራሉ፣ ለመጣ ሁሉ፣ ሳይጠየቁ።

ሊመለሱ ሲሉ ደባልቄ ጉልበታቸውን ስሞ፣ «አባ፣ እንግዲህ ዳንኩ?» አለ።

«ማነው ዳንክ ያለህ?»

«ሁለት ወር ሙሉ አልቀመስኩም እኮ።»

«እንግዲያው ሁለት ወር አልቀመስክም። እኔ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፤ ዳንኩ ብዬ አላውቅም። ዛሬ አልጠጣሁም ነው የምል። ነገ ሲነጋ ደግሞ የነገን እላለሁ።» ወደ ማንጠግቦሽ ዞሩ። «ልጄ፣ ጥማቱ ይመጣል። ሲርበው ይመጣል፣ ሲቆጣ ይመጣል፣ ብቻውን ሲውል ይመጣል። ሲደሰትም ይመጣል። የደስታውን አብልጣችሁ ፍሩት፤ ያን ጊዜ በር የሚዘጋ የለም።»

ከአባ ኪሮስ ምክር ይዘው የተመለሱት ቀላል ነገር ነው፤ ቀላል ስለ ሆነም ለሾላ በር መሳቂያ ሆነ። ደባልቄ በኮቱ ኪስ የገብስና የሽምብራ ቆሎ ይይዛል፤ ጥማቱ አፉ ላይ ሲመጣ ያንን ይቆረጥማል። ወደ ገበያ ሲሄድ አረቄ ቤቶቹ በተደረደሩበት በዋናው መንገድ አይሄድም፤ በወንዙ ዳር ዞሮ፣ ግማሽ ሰዓት ጨምሮ ይገባል። ጥማቱ ከቆሎው በላይ ሲሆንበት ደግሞ ለማንጠግቦሽ አንድ ቃል ይናገራል፦ «መጣ።» እሷም ምንም አትጠይቀውም። «እንግዲያው ና እንጨት እንፍለጥ» ትለዋለች። ሁለቱ ይፈልጣሉ። ላቡ ጀርባው ላይ ሲወርድ ያልፋል። በዚያ ዓመት የደባልቄ ግቢ ውስጥ የተከመረው ፍልጥ ለሦስት ሠርግ ይበቃ ነበር።

«ወጌሻው ከጠርሙስ ይሸሻል!» አሉ በከተማው። «እንደ ዶሮ ጥሬ ሲለቅም ነው የሚውለው።»

ከማንጠግቦሽ ሌላ ያልሳቁ አንዲት ሴት ነበሩ። እማማ አስካለ ይባላሉ፤ የሾላ በር የታወቁ አረቄ አውጪ ናቸው። በመጀመሪያው ክረምት አንድ ቀን ማንጠግቦሽ ልቅሶ ሄዳ ሳለ፣ ደባልቄ በዝናብ ተበስብሶ እሳቸው በር ላይ ቆመ።

«እማማ፣ አንዲት ብቻ።»

«ደባልቄ፣ የሚገዛው ባያውቅ እኔ የምሸጠውን አውቃለሁ» አሉና በሩን ዘጉበት። በበሩ ስንጥቅ ደግሞ፣ «ቆሎህ አልቆ እንደ ሆነ ቆሎ እሰጥሃለሁ» አሉት። እየተሳደበ ሄደ። ማግስቱን መጥቶ እጃቸውን ሳመ።

እንዲህ እያለ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። የደባልቄ እጅ እንደ አባቱ እጅ ረጋ። ከሩቅ አገር ሰው በቃሬዛ ይመጣለት ጀመር። ነገሩ በዚያው ቢቀር ኖሮ ተረትም ምሳሌም አይኖርም ነበር። ግን ሾላ በር ውስጥ ግራዝማች ወንዳፍራሽ ነበሩ።

ግራዝማች የሚካኤል ማኅበር ሙሴ ናቸው፤ ማኅበሩን የሚመሩ፣ ጽዋው ሲዞር የሚያስተናብሩ ሰው። በዚያ ዓመት የገብርኤል ማኅበርተኞች ለደብራቸው ደወል አስመጥተው አገሩን ሲያደነቁሩት ከረሙ። የሚካኤሎቹ በእጃቸው የሚታይ ነገር አልነበራቸውም። ግራዝማች ሲያስቡ ሲያስቡ፣ ደባልቄ የማኅበራቸው አባል መሆኑ ትዝ አላቸው። ሰክሮ ቦይ ውስጥ ሲያድር አባልነቱ ተዘንግቶ ነበር።

«ይህ ተአምር ዝም ተብሎ አይታለፍም» አሉ። «ኅዳር ሚካኤል በእኔ ግቢ የምስጋና ድግስ ይደገስለታል።»

ማንጠግቦሽ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ሄደች።

«ግራዝማች፣ እባክዎ ይቅርብን።»

«ምን ማለትሽ ነው? ለባልሽ ክብር እኮ ነው!»

«ክብሩ እቤቱ አለልን። የግድ ከሆነም ንፍሮና ዳቦ ይሁን፤ ጠላና አረቄ አይኑር።»

ግራዝማች አብረዋቸው ወደ ተቀመጡት ሰዎች ዞሩና፣ «ሰማችሁ? ያለ ጠላ ድግስ! ልቅሶ ቤት እንኳ ጠላ አለ እኮ!» አሉ። ሰዎቹ ሳቁ። «ልጄ፣ ባልሽ ድኗል። ድኗል አልኩሽ! በሽተኛ አድርገሽ የያዝሽው አንቺ ነሽ።»

«ድኗል ያለ የለም። እየጠበቅነው ነው።»

«እንግዲህ እኛም እንጠብቀው፤ ለአንቺ ብቻ የተሰጠ ነው?» አሉ ግራዝማች። ይህን ብልህ መልስ ለሳምንት ያህል ለሰው ሁሉ ሲደግሙት ቆዩ።

አረቄ ሊገዙ እማማ አስካለ ዘንድ ሁለት ሰው ላኩ። «አምስት ገንቦ» አሉ መልእክተኞቹ።

«ለምን ይሆን?»

«ለደባልቄ የምስጋና ድግስ።»

እማማ አስካለ ሳቃቸውን ማቆም አቅቷቸው መደቡ ላይ ተቀመጡ። «ከእሳት ለወጣ ሰው ቤት ታቃጥሉለታላችሁ? ሂዱ ወዲያ። ለእሱ ድግስ ከሆነ አንዲት መለኪያ አልሸጥም።»

«አረቄ ሻጭም ሰባኪ ሆነች!» እያሉ ወጡና ከማዶ መንደር ገዙ።

የሚካኤል ዕለት ደባልቄን ሊወስዱት እየዘፈኑ መጡ። በግራዝማች በቅሎ ላይ አወጡት። በወንዙ ዳር ልሂድ ቢል፣ «የክብር እንግዳ እንደ ሌባ በጓሮ አይገባም!» ብለው ልጓሙን ይዘው በዋናው መንገድ አለፉ። እማማ አስካለ እጃቸውን አጣጥፈው በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ሁሉንም አዩ።

ዳሱ በር ላይ ሲደርስ ግራዝማች አዲስ ጋቢ ይዘው ቆመዋል። «ይህን አሮጌ ኮት አውልቅ፤ ዛሬ አንተ ሙሽራ ነህ» አሉትና በገዛ እጃቸው አለበሱት። ኮቱ ተጠቅልሎ ወደ ዕቃ ቤት ሄደ፤ ቆሎውም አብሮት። ማንጠግቦሽን ደግሞ ሴቶቹ ከበው፣ «የእንግዳው ባለቤት ከወንድ መካከል ምን ትሠራለች? ነይ ጓዳ፣ ለአንቺም የተለየ ቦታ አለሽ» ብለው አስገቧት። ስትገባ ወደ ኋላ ዞራ አየችው። እሱም አያት።

ይህን ሁሉ ያደረጉት በክብር ነው። አንድም ክፉ ሰው በመካከላቸው አልነበረም። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ጠላት ቢሆኑ ኖሮ ደባልቄ ይጠነቀቅ ነበር።

ጽዋው ተባረከ፤ ምግቡ ተበላ። አሳላፊዋ ጠላውን በእጇ መዳፍ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ለደባልቄ ዋንጫ አቀረበች። «ለእኔ ውሃ» አላት። ግራዝማች ብድግ አሉ።

«ወገኖቼ! ይህ ሰው ምን ነበር?»

«ሰካራም!» አለ ዳሱ በአንድ ድምፅ፣ በፍቅር።

«ዛሬስ?»

«ድኗል!»

«እንግዲያው የዳነ ሰው ምን ይፈራል? የሚፈራ ያልዳነ ነው። ደባልቄ ልጄ፣ በሞቴ! ይህችን ለሚካኤል ብለህ ጉንጭ አድርጋት፤ እኒያ ገብርኤሎችም መዳንህን ይዩ።»

«ግራዝማች፣ ይማሩኝ።»

«በሞቴ አልኩ! አፈር ስሆን!»

«በሞታቸው ተብሎ እምቢ ይባላል እንዴ?» አለ አንዱ። «ጠበል ጠዲቅ እኮ ነው፣ መጠጥ አይደለም» አለ ሌላው። «ሚስቱ አትፈቅድለትም ይሆናል» አለ ሦስተኛው፤ ይህኛው አስቆ ጨረሳቸው። አምሳሉ እንኳ፣ ያ የሚያነክሰው ገበሬ፣ «በእኔ ይሁንብህ፣ ይቅር ብዬሃለሁ፣ ጠጣ» አለው።

ደባልቄ እጁን ወደ ጎኑ ሰደደ። ጋቢ ኪስ የለውም። ጨርቁን እየዳበሰ ትንሽ ቆየ። ከዚያ በቀስታ፣ «መጣ» አለ።

አጠገቡ የተቀመጠው ሰውዬ ወደ ዳሱ በር እየተመለከተ፣ «ማን መጣ?» አለው።

ደባልቄ ዋንጫውን አነሣ።

ጓዳ ውስጥ ማንጠግቦሽ ወጥ ልታወጣ ጭልፋ ይዛ ነበር። ከዳሱ እልልታ ሲፈነዳ ሴቶቹም ተቀብለው እልል አሉ። እሷ ጭልፋውን ድስቱ አፍ ላይ አጋድማ አስቀመጠች። «ምነው? ለባልሽ እኮ ነው፤ እልል አትይም?» አሏት።

ከጠላው ወደ አረቄው የአንድ ሰዓት መንገድ ነበር። አንድ ዓመት ከስምንት ወር የታገደው ማታውን ተለቀቀ። በማግስቱ ደባልቄ ቤቱ አልገባም፤ በሦስተኛው ቀን በዋናው መንገድ ዳር ተገኘ። በአራተኛው ቀን ሾላ በር የድሮ ቀልዷን ከሣጥን አወጣች። ሲጋብዙት የነበሩት ሰዎች፣ «አይ ሰው! ያን ሁሉ ደግሰንለት! ምስጋና ቢስ ነው» አሉ።

በስድስተኛው ቀን ግራዝማች ወንዳፍራሽ ከበቅሏቸው ወደቁ። ያችው ደባልቄን የተሸከመች በቅሎ ናት። ቀኝ ክንዳቸው ከክርናቸው በታች ለሁለት ተሰበረ። እየጮኹ ቤታቸው ገቡና ወጌሻው ይጠራ ተባለ። ከአረቄ ቤት አንሥተው አመጡት። ማንጠግቦሽ ከኋላ እየሮጠች ደረሰች።

«ግራዝማች፣ ዛሬ አይንካዎት። እጁን ይዩት። ሌላ ወጌሻ ከማዶ ይጠራ።»

«ከማዶ እስኪመጣ ልሙት?» ግራዝማች የደባልቄን እጅ አዩ፤ ጣቶቹ እንደ ቅጠል ይርገበገባሉ። መፍትሔው ወዲያው ታያቸው። «አንድ መለኪያ ስጡትና እጁ ይጽና!»

ሰጡት። አልጸናም። ሌላ ጨመሩለት። ደባልቄ ዐይኑን ጨፈነ፤ ዳሰሰ። ስለ ላም ለመጠየቅ አፉን ከፈተ፣ ጥያቄው ግን ጠፋው። እንዲሁ ሳበው። የግራዝማች ጩኸት የገብርኤልን ደወል አስንቆ ነበር ይላሉ። በሸምበቆ ታሰረ። በአርባ ቀኑ ሲፈታ ክንዳቸው እንደ ማጭድ ወደ ጎን ጎብጦ ይዟል።

ደባልቄ ያንን ክንድ ባየ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ። ይህ ሲሆን ከድግሱ አራተኛ ወሩ ሊሞላ ነው። ማንጠግቦሽ ከውጭ ስትገባ መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ሁሉንም ውሃ በላው» አላት። «አንድ ዓመት ከስምንት ወሩን።»

«ውሃ አልበላውም። መንገዱን ታውቀዋለህ፤ መጀመሪያ ስንሄድ አታውቀውም ነበር» አለችው። «ኮትህን ልበስ።»

«ኮቴ የታለ?»

ኮቱ ለካ አሁንም ግራዝማች ዕቃ ቤት ነው። ሄዳ አመጣችው። ኪሱን ለቆሎው ሲሉ አይጦች በልተውታል። መርፌዋን አወጣችና ድርብ ጨርቅ አድርጋ አዲስ ኪስ ሰፋችለት። አክስታችን ይህን ሲነግሩኝ እዚህ ላይ ዞረው በራችን ጀርባ የተሰቀለውን ኮት አዩ። ከዚያ ቀጠሉ።

ወደ ቆላ ወረዱ። ደባልቄ አባ ኪሮስን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

«ዛሬ ጠጥተሃል?» አሉት አባ።

«ዛሬ አልጠጣሁም።»

«እንግዲያው ከእኔ በምን ታንሳለህ? ና እህል ቅመስ።»

ከዚያ ሲመለስ ቆሎው፣ የወንዝ ዳሩ መንገድና የፍልጡ ክምር እንደገና ተጀመሩ። አንድ ነገር ብቻ ተጨመረ፦ በዓል ሲመጣ ደባልቄና ማንጠግቦሽ ማልደው ቤተ ክርስቲያን ይስሙና ቤታቸው ገብተው በራቸውን ይዘጋሉ። «በሞቴ» የሚል ሰው ቢያንኳኳ ማንጠግቦሽ ከውስጥ፣ «እግዜር ዕድሜ ይስጥዎ!» ትልና አትከፍትም።

ሌላ አንድ ዓመት አለፈ፤ ሁለተኛውም ተጋመሰ። አንድ ቀን እማማ አስካለ የእጃቸው አንጓ ተወልግዶ ደባልቄ ዘንድ መጡ። ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እሱ ቅቤ እየቀባ ሲያሻቸው፣ ግራዝማች ወንዳፍራሽ ሁለት ማኅበርተኞች አስከትለው ገቡ። ፊታቸው በርቷል።

«ደባልቄ ልጄ! አየሁ፣ ሰማሁ! አሁን ግን በእውነት ድነሃል። ያኔ ቸኩለን ኖሯል፤ የዘንድሮው ግን ይለያል። ኅዳር ሚካኤል ቀርቧል፤ አስበናል። በሬ አለ። ዳሱንም ከካቻምናው እናሰፋዋለን።» ሚካኤልን ሊያስመሰክሩ ቀኝ ክንዳቸውን ወደ ሰማይ አነሡ፤ ክንዱ ግን ጎብጦ የጎረቤትን ጉድፍ መጣያ አመለከተ።

ማንጠግቦሽ ከቤት ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። ደባልቄ ቀና አላለም። አውራ ጣቶቹ የእማማ አስካለ አንጓ ላይ ናቸው፤ አይንቀሳቀሱም።

«እማማ፣ ያቺ ላምዎ ስንት ወር ሆናት?» አለ።

«ላም የለኝም፣ አንተ ልጅ፤ ቀይ ናት» አሉ እማማ አስካለ፤ አንጓቸውም ቀጭ ብሎ ገባ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። የዳነ እጃቸውን አንሥተው አዩት፤ ቀጥሎም የግራዝማችን ክንድ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ጠምሞ እንደ ተሰፋ ልብስ አዩት። ከዚያም ለገባውም ለቆመውም እንዲሰማ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «ዳነ ብለው ደገሱ፣ በሽታውን መለሱ!»